አንድ ከተማ የሚቀንሰው የስምሪት ቢሮ

በሥራ ዘመኔ «የት ደረስክ?» የሚለውን ያህል ብዙ ጊዜ የተጠየቅሁት ጥያቄ የለም። ከመቀሌ ወደ ጅቡቲ ወደብ ስወርድ፣ ከወደቡ ጭኜ ስመለስ፣ ስልኬ በጠራ ቁጥር ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ይህንኑ ይጠይቀኝ ነበር። ዓይኔ ደክሞ መንጃ ፈቃዴ ሳይታደስ ሲቀር ጡረታ ወጣሁ። ቁልፉን ባስረከብኩ ማግስት ጠዋት ስልኬን አየሁት፤ ማንም አልደወለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን ከፋኝ። ባለቤቴ ሁኔታዬን አይታ ከጓዳ ሆና «የት ደረስክ?» ብላ ጮኸችልኝ። «ሳሎን» አልኳት። ያን ቀን ሁለታችንም ስንስቅ ዋልን።

አሁን ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በማታው ክፍለ ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምማረው የትራንስፖርት ሥራ አመራር ነው፤ ማለትም ስረግመው የኖርኩትን ሥራ። የክፍል ጓደኞቼ «ፋዘር» ይሉኛል። ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ የቤት ሥራዬንም ከሁሉም ቀድሜ አስረክባለሁ። በቅርቡ መምህራችን «መረጃ ከመንገድ ተነሥቶ ቢሮ እስኪደርስ እንዴት እንደሚበላሽ ከምታውቁት ምሳሌ ጻፉ» ብለው አዘዙን። አጭር እንዲሆን አሳስበውን ነበር። እኔ ስጀምር ግን አያ ሰዒድ ትዝ አሉኝ፤ እሳቸው ትዝ ካሉኝ ደግሞ በአጭሩ የሚያስቆመኝ የለም። ለመምህሩ አጭሩን ሰጠሁ፤ ረጅሙ ይኸው።

ሥራ የጀመርኩት በውሃ ቦቴ ነው። ከዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ እየቀዳሁ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች አደርስ ነበር። የቦቴው ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ስልክ ደውለው አያውቁም፤ ስመለስ የጎማዬን ጭቃ አይተው የት የት እንደዋልኩ እሳቸው ይነግሩኝ ነበር። ጥሩ አለቃ ነበሩ፤ ግን ከከተማ መውጣት አማረኝ። በሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫው አካባቢ፣ ግቢው በተሳቢ የተሞላ የጭነት ኩባንያ ነበርና ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ።

«ተሳቢ ነድተህ ታውቃለህ?» አለኝ የሚቀጥረው ሰውዬ።

«አላውቅም።»

«ወደ አብዓላ የሚወርደውን ቁልቁለት አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

ሰውየው ወረቀቴን ሊመልስልኝ ሲል፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሹፌር «ይኼን ልጅ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። «የማይፈራውን በቀደም ከገደል አፋፍ ጎትተን አወጣነው።»

አያ ሰዒድን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ተወልደው ያደጉት ወሎ ነው፤ በወጣትነታቸው ለንግድ መቀሌ መጥተው እዚያው አግብተው ቀሩ። ትግርኛቸው የወሎ ዜማ ነበረው፤ አማርኛቸው ውስጥ ደግሞ «ሓወይ» እና «ወደይ» እየገባ ወንድማቸውም ልጃቸውም ያደርገኝ ነበር። የራሴን መኪና እስክረከብ ድረስ ከእሳቸው ጋር በአንድ ጋቢና ብዙ ወራት ተመላለስኩ።

የሚያስተምሩት በመናገር አልነበረም። ጠዋት ሞተር ከመነሣቱ በፊት በአጭር የወይራ ዱላ እያንዳንዱን ጎማ እየመቱ መኪናውን ይዞሩታል። መንታ ጎማ ላይ የውስጠኛው ቢተነፍስ በዓይን አይታይም፤ የውጪው ተሸክሞት ይቆማል። ሲመታ ግን ድምፁ ይለያል። ነፋስ የሞላው ጎማ እንደ ከበሮ ይመልሳል፤ የተነፈሰው ጆንያ እንደመምታት ነው። አንዳንድ ቀን ዓይኔን አስጨፍነው «የትኛው ነው የታመመው?» ይሉኝ ነበር። ቁልቁለት ላይም ማርሽ የሚቀንሱት መንገዱ ከማዘቅዘቁ በፊት ነው፤ ከዚያ በሞተር ጉልበት ብቻ ይወርዳሉ። ታች ደርሰን ጎማው አጠገብ እጄን እንዳስጠጋ ያደርጉኛል። ካልሞቀ ጥሩ ነድተናል፤ ከሞቀ ቀኑን ሙሉ አያናግሩኝም።

ሲቆሙ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋሉ፤ ሲነሡ ድንጋዩን ከመንገድ አውጥተው ይጥላሉ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ከሌላ ሹፌር በተረፈ ድንጋይ ላይ ከነጭነቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስልክም እየነዱ አያነሡም። ይጠራል፣ ይጠራል፤ እሳቸው የሚመች ቦታ እስኪያገኙ ይነዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ድንጋያቸውን ያደርጋሉ። ከዚያ መልሰው ደውለው ያሉበትን ቦታ ልክ እንዳለ ይናገራሉ። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ምክንያቱም ከእሳቸው በቀር ያለበትን ቦታ ልክ የሚናገር ሹፌር አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ገብረጻድቅ ይባሉ ነበር። ወንበራቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ መኪና ባለቀለም መርፌ አለው። እየደወሉ መርፌውን ያንቀሳቅሳሉ። ከወደቡ ሲመለሱ መንገዱ ሰርዶ፣ አፍዴራ፣ ኢረብቲ፣ አብዓላ እያለ ነው መቀሌ የሚገባው። ሹፌሩ ሰርዶ ሆኖ «ሰርዶ ነኝ» ቢል «እስካሁን?» የሚል ጩኸት ይከተለዋል። ስለዚህ «አፍዴራ ነኝ» ይላል። አቶ ገብረጻድቅም ሞኝ አልነበሩም። ከመኪናው በፊት ቃሉ እንደሚደርስ ስለገባቸው ከእያንዳንዱ ሹፌር ቃል አንድ ከተማ መቀነስ ጀመሩ። አፍዴራ ሲባሉ መርፌውን ሰርዶ ላይ ይሰካሉ። በመካከላችን ማንም ያልፈረመበት ውል ሆነ፤ እኛ እንጨምራለን፣ እሳቸው ይቀንሳሉ፣ መርፌው ልክ ይሆናል። ስማቸውንም «ቅናሽ» አልነው። በዚህ ውል የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አያ ሰዒድ ሰርዶ ሆነው ሰርዶ ሲሉ፣ መርፌያቸው ሁልጊዜ ከራሳቸው አንድ ከተማ ወደኋላ ቀርቶ ይታያል። ስለዚህ በቢሮው ዓይን ከሁሉም የሚዘገዩት ሹፌር እሳቸው ነበሩ።

«አያ ሰዒድ፣ ለምን እንደ ሰው አይጨምሩም?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«እኔ ያለሁበትን ነው የማውቀው፤ ሌላው የእሳቸው ሒሳብ ነው» አሉኝ።

በሌላውም ነገር ከቢሮው ጋር ስንጨቃጨቅ ነበር የምንኖረው። ተራ ጠብቀን ስንሰለፍ ከኋላችን ያለው ቀድሞ ይወጣል። ቁልቁለት መሃል ላይ ስልክ ይጠራል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ረዳቶች ቀሩ፤ ሸራ ማልበሱም ገመድ ማሰሩም ለብቻችን ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስበውን «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ካሉ በኋላ ለስላሳው ለቢሮ ሠራተኞች ብቻ እንደመጣ ታወቀ። አያ ሰዒድ ይህን ሁሉ በሳቅ ያልፉት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሊስቁ አልቻሉም።

የመጨረሻ ልጃቸው ዘይነብ ልትዳር ነበር። ስትወለድ አያ ሰዒድ ወደብ ነበሩ። ትምህርት ስትጨርስ ሰመራ ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። ለኒካሑ ግን ቃል ገቡላት። በኒካሕ ጊዜ ልጅቷን የሚድረው አባት ነው፤ ኒካሑን በሚያስሩት ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ ሙሽራውን «ድሬልሃለሁ» የሚለው እሱ ነው። ወኪል መላክ ይቻላል፤ ወንድማቸውም ለመቆም ዝግጁ ነበር። «ይኼን ቃል ሰው እንዲናገርልኝ አልፈልግም» አሉ። ለኩባንያው አስቀድመው ተናግረው ፈቃድ አገኙ። ሊያርፉ ሲሉ ማዳበሪያ ወደብ ላይ ደረሰ፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ለገበሬው መድረስ አለበት ተባለ። አቶ ገብረጻድቅ «አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከኒካሑ በፊት ይመለሳሉ» ብለው ለመኑ። አያ ሰዒድ የገበሬ ልጅ ናቸውና እምቢ ማለት አልቻሉም። እኔም መኪናዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ሄደን ጫንን፤ መመለሳችንም የተሳካ ነበር። ኒካሑ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ኢረብቲ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ከፊቴ ያለው የአያ ሰዒድ መኪና እንፋሎት መትፋት ጀመረ። የውሃ ፓምፑ ነበር። ሁለታችንም ዳር ይዘን ቆምን፣ ከኋላችን መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ጣልን። አካባቢው ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ማዳበሪያው ጫፍ ላይ ሲወጡ ብቻ ሆነ። አያ ሰዒድ ገመዱን ይዘው ወጡ።

«አቶ ገብረጻድቅ፣ ሰዒድ ነኝ። የውሃ ፓምፕ ሄዶብኛል። ኢረብቲ መግቢያ ላይ ነን።»

«ኢረብቲ?»

«አዎ፣ ኢረብቲ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። የጥገናው መኪና ሰመራ ላይ ሥራውን ጨርሶ እየተመለሰ ነው። እልክልዎታለሁ፤ አይዞዎት።»

ያ «ገባኝ» ነው ጉዱን ያመጣው። አቶ ገብረጻድቅ እንደ ልማዳቸው አንድ ከተማ ቀንሰው መርፌውን አፍዴራ ላይ ሰኩት። ሜካኒካችን ተኽላይ አፍዴራ ላይ እንዲቆምና እንዲፈልገን ታዘዘ። እዚያ ጨው የሚጭነው መኪና ብዛቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ተኽላይ በዚያ ፀሐይ እየዞረ ከጨው መኪኖቹ መካከል ሲፈልገን፣ እኛ ደግሞ ከእሱ ርቀን በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠን መንገዱን እናያለን።

ሰዓቱ ሄደ። አብዓላ ያለው ኬላ ሲመሽ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ከባድ መኪና አያሳልፉም። ማለትም ከሰዓት በኋላ ካልተነሣን አያ ሰዒድ ለኒካሑ አይደርሱም። እሳቸው ተነሥተው ተቀመጡ፣ ተቀምጠው ተነሡ። ከዚያም «እኛው እንፍታው» አሉ። ገረመኝ። ቸኩሎ ሞተር የሚነካን ሰው የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ፓምፑን ፈታነው። በመገጣጠሚያው ያለው፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ወረቀት ተበልቷል። ከብስኩት ካርቶን በምላጭ ቆርጠን አዲስ አበጀንለት፣ የቦሎኖቹን ቀዳዳ በመዶሻ ጫፍ እየመታን አወጣን፣ ግራሶ ቀባነው፣ መልሰን አሠርነው። የሚጠጣ ውሃችንን ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርን። ሞተሩ ተነሣ። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም! እኔ በደስታ ዘለልኩ። አያ ሰዒድ ግን ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ነበር።

«አጥፋው» አሉ። «የሚያጉረመርም ነገር አለ።»

ቁልፉ ጋ ሮጬ አልደረስኩም። የፓምፑ ኩሽኔታ ቀድሞ አልቆ ኖሯል፤ ዘንጉ ተሰበረ፣ ማራገቢያው ቬንትሌተር ወደፊት ተወርውሮ ራዲያተሩን ቀደደው። የጨመርነው ውሃ በሙሉ አሸዋው ላይ ወረደ። በፓምፕ ብቻ ይድን የነበረው መኪና አሁን ራዲያተርም የሚፈልግ ሆነ። አያ ሰዒድ የተቀደደውን ራዲያተር በመዳፋቸው ዳሰሱት። እኔም መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እንደገና ማዳበሪያው ላይ ወጣን። አሁን ድምፁን ከፍተን ሁለታችንም ሰማን።

«ተኽላይ አፍዴራን ፈትሾ ጨረሰ፤ የላችሁም እኮ!» አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

«መች አፍዴራ ነን አልኩ?»

«ኢረብቲ አሉኝ።»

«ታዲያ ኢረብቲ ነን!»

«አቶ ሰዒድ፣ ይተዉ እንጂ። እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ኢረብቲ ነኝ ብሎኝ ኢረብቲ የነበረ ሹፌር የለም።»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ሐሳብ መጣልኝ። «አያ ሰዒድ፣ አብዓላ ነን ይበሉ። አንድ ሲቀንሱ ልክ ይመጣላቸዋል።»

«በልጄ ኒካሕ ዋዜማ ውሸት ልጀምር?»

«እሺ፣ እኔ የጀመርኩት ልቀጥልበት» ብዬ ስልኩን ወሰድኩ። «አቶ ገብረጻድቅ፣ ኪዳነ ነኝ። አብዓላ ልንገባ ነው።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ!» አሉ በደስታ። «ኢረብቲ ናችሁ ማለት ነው። አቶ ሰዒድ ይህን ለምን ይደብቁኛል?»

አያ ሰዒድ ከራዲያተሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ማዳበሪያው ላይ ተጋድመው ሳቁ። ተኽላይ ወደ እኛ እንዲመጣ ታዘዘ። ግን ራዲያተር ይዞ አልነበረም፤ ቢመጣም መኪናው በዚያ ቀን አይነሣም። የቀረው አንድ መንገድ ነበር። እኔ ከተሰበረው መኪና ጋር ልቅር፣ እሳቸው የእኔን ይዘው ይሂዱ። ኩባንያው ይህን አጥብቆ ይከለክላል፤ ሹፌር የተረከበውን መኪና ለሌላ ሰጥቶ ቢገኝ ይባረራል። ደግሞ አያ ሰዒድ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ የሚሉ ሰው አይደሉም።

«አይቻልም» አሉ አቶ ገብረጻድቅ ስጠይቃቸው። «ኒካሑ መቼ ነው ያልከኝ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ነገ ከተባልኩ ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ ይደርሳሉ።»

ቀን ሲሆን ደግሞ ይጨምራሉ ለካ! እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት በስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት፣ ከዚያም የሴት ድምፅ ሰማን። ዘይነብ ነበረች። የአባቷ ስልክ አልሠራ ሲላት ታክሲ ይዛ ቢሮው ድረስ መጥታለች።

«አቶ ገብረጻድቅ፣ እጄን ይዩት» አለች።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ሂና ነው። ዛሬ ነው የተቀባሁት። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዘመድ ከወልድያ ገብቷል። ይኼንን ወደ ከነገ ወዲያ ያዛውሩልኝ እስቲ!»

አያ ሰዒድ የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ስልኩን ከእጄ ወስደው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዘይነብ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«ኢረብቲ ነኝ።»

«አባዬ ኢረብቲ ነኝ ካለ ኢረብቲ ነው» አለች ዘይነብ፤ ለእኛ አልነበረም የምትናገረው።

አቶ ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉ፤ «እስኪወጡ ድረስ የሚያዘው እኔ ነኝ። ኪዳነ፣ የሰዒድን መኪና ተረከብ። አቶ ሰዒድ፣ የኪዳነን ይዘው አሁኑኑ ይነሡ። ኬላው!»

ወርደን ቁልፍ ተለዋወጥን። አያ ሰዒድ ግን አልወጡም። ዱላቸውን አውጥተው የእኔን መኪና ጎማ መምታት ጀመሩ።

«አያ ሰዒድ፣ በአላህ! ኬላው ይዘጋል!»

«ዝም በል ወደይ። ከማላውቃት መኪና ጋር ዳገት አልወጣም።»

ዞረው ጨረሱ፣ የውስጥ ጎማ አንድ ደከም ያለ ነው ብለው ወቀሱኝ፣ ድንጋዩን ከመንገድ አውጥተው ጣሉና ሄዱ። አቧራቸው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

ተኽላይ አመሻሽ ላይ ደረሰ። በፀሐይ ተቃጥሎ፣ ፊቱ ጨው በጨው ሆኖ ነበር። የሰደበኝን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ መምህሬም ሊያነቡት ይችላሉ። ለተደረገው ነገር ሁሉ በኋላ እኔና አቶ ገብረጻድቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰን። እሳቸው የእኔንም የራሳቸውንም ተቀብለው «የቤተሰብ ደብዳቤ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ካርታው ላይ የአያ ሰዒድ መርፌ የሚሰካው እሳቸው ባሉት ቦታ ብቻ ሆነ። የእኛን እስከመጨረሻው ሲቀንሱ ኖሩ፤ እኛም ስንጨምር ኖርን።

በማግስቱ፣ በኒካሑ ጠዋት ግን ይህን ሁሉ ገና አላውቅም ነበር። የማውቀው አያ ሰዒድ ኬላውን ይለፉ አይለፉ አለማወቄን ብቻ ነው። ተኽላይ ከሥር የተሰበረውን ዘንግ ለማውጣት ይቀጠቅጣል፤ እኔ ማዳበሪያው ላይ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ስልኩ ጠራ። አቶ ገብረጻድቅ ነበሩ። ምንም አልጠየቁኝም።

«ዝም ብለህ ስማ» አሉኝ፤ ስልኩን ወደ ሰው ያስጠጉት መሰለኝ።

መጀመሪያ የሰው ጉምጉምታ መጣ። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ጸጥ አለ። «ተኽላይ! ተኽላይ!» ብዬ በሹክሹክታ ጠራሁት። መዶሻውን አስቀምጦ ገመዱን ይዞ ወጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። በሞተር ጩኸት ላይ መናገር የለመዱት ሰው ድምፅ ዛሬ በጣም ቀጭን ሆኖ መጣ።

«ልጄን ዘይነብን ድሬልሃለሁ» አሉ አያ ሰዒድ።

«ተቀብያለሁ» አለ ሙሽራው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ውስጥ እልልታ ብቻ ሆነ። ተኽላይ በግራሶ የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አንድ ጊዜ ፊቴን አየና ወረደ። ወዴት ነው ስል፣ የአያ ሰዒድ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ክላክሱን ተጫነው። ራዲያተሩ ተቀድዷል፣ ፓምፑ ተሰብሯል፤ ክላክሱ ግን ደህና ነበር። እኔም ድምፁ መቀሌ እንዲሰማ ስልኩን ወደ ጋቢናው ዘረጋሁ።